ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ማግነም

ሰኞ

አልሞላም አልኳቸው። የባሌን አባት ፊት ለፊት እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የማግነም ሪቮልቨር ሽጉጣቸውን ጥይት ራሳቸው ይሞላሉ። ሳን ሆዜ ብረት መቁረጫ ማሽን ሾፕ ውስጥ ሲሠሩ ከአንድ ባልደረባቸው የተማሩት ነው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚህ ሳን ሊያንድሮ ጋራዣችን ውስጥ ዋና ደስታቸው ሆኗል። የተተኮሰውን ቀለህ ያጥባሉ፣ ባሩዱን የሚለኩሰውን አዲስ ፕራይመር ይከቱበታል፣ ባሩድ መዝነው ይጨምራሉ፣ አረሩን ይገጥሙበታል። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ሚዛኑን የማነብላቸው እኔ ነኝ። የሆስፒታል ፋርማሲ ቴክኒሻን ስለሆንኩ መመዘን ለእኔ አዲስ አይደለም።

ዛሬ ባሌ ዮናስ የገዛላቸውን አዲሱን የአሞላል መጽሐፍ ከአሮጌያቸው ጋር አነጻጸርኩት። ያው ባሩድ፣ ያው የአረር ክብደት። አሮጌው "መካከለኛ" የሚለው ልክ ከአዲሱ ጣሪያ ይበልጣል። እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ የሚሞሉት በአሮጌው ነው።

"አዲሱን የጻፉት ጠበቆች ናቸው" አሉኝ። "እንዳይከሰሱ ነው የሚቀንሱት።"

"እንግዲያው ከሁለቱም በጣም ዝቅ አድርገን እንሙላ" አልኩ።

"እሱማ ርችት ነው፤ ድምፅ ብቻ።"

የባሩዱን ማንኪያ አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ። ከኋላዬ የጋራዡን መብራት ሲያጠፉ ሰማሁ።

ማክሰኞ

ኩርፊያ። ቁርስ አልቀረቡም። ደህና አደሩ ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ዮናስ መኪና ውስጥ እንዲህ አለኝ፦ "ፍሬ፣ የአባቴን መንጃ ፈቃድ ከወሰዱበት ገና ዓመት አልሞላውም። አሁን ይሄንንም እኛ ልንቀማው ነው?"

እውነቱን ነው። እኔም እኮ እውነቴን ነው።

ሥራ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ላይ ባዶዎቹ ቀለሆች ከሽጉጡ ጥይት መያዣ ሲሊንደር አልወጣ ብለዋቸው በእንጨት ቁራጭ ሲመቱ አይቻለሁ። "ቆሽሾ ነው" አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ዛሬ በምሳ ሰዓት አዲሱን መጽሐፍ ከፍቼ ሳነብ፣ ቀለህ መጣበቅ በሽጉጡ ውስጥ ግፊቱ እንደበዛና ሊፈነዳ እንደሚችል ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው ይላል።

የሚያስፈራኝ፦
እጃቸው።
የቀረቻቸው የዐይን ብርሃን።
ከዚያው ሙሌት የተረፈው የጥይት ካርቶን፣ ጋራዥ መደርደሪያው ላይ።
ቅዳሜ መምጣቱ።

ረቡዕ

ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነኝ። ክርክር እንዳይመስል ሁለቱንም መጽሐፍ የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና አጉሊ መነጽሩን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። "አባባ፣ እኔ አልገባኝም። የማሽን ድሮዊንግ ሲያነቡ እንደኖሩት አድርገው ያንብቡልኝ" አልኳቸው።

ለማባበል ያልኩት መስሏቸው ትንሽ አዩኝ። ግማሹ ማባበል ነበር። ከዚያ ተቀመጡ።

ቁጥሮቹን ትተው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ጀመሩ። እኔ ያንን ዘልዬው ነበር። ጣታቸው በአሮጌው መጽሐፍ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

"ይሄ አረር እርሳስ ነው። ልብስ የለውም።"

የአዲሱ መጽሐፍ መዳብ የለበሰ ነው። እኛ የምንጠቀመውም መዳብ የለበሰውን ነው። ክብደታቸው እኩል ስለሆነ አንድ መስሎን ኖሯል። "ቁሱ ከተለየ ልኩም ይለያል" አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። "መዳቡ የሽጉጡን ቱቦ፣ በርሜሉን፣ ሲያልፍ ይከብደዋል፤ ግፊቱ ይጨምራል።"

ሌላም አገኘን። ፕራይመሩ የተለያየ ነው። አንዱ በረጅም የሙከራ በርሜል፣ ሌላው በእውነተኛ ሪቮልቨር የተለካ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ተደምሮ ልዩነቱን ያብራራው አያብራራው ሁለታችንም እርግጠኛ አልሆንንም። ባሩዱን ለሚሠራው ኩባንያ ኮል አድርጌ የቤቱን ስልክ ቁጥር ተውኩ።

ምሳ አብረን በላን። ብዙ አላወሩም፤ ግን ሽሮው ላይ ቃሪያ ጨመሩልኝ።

ሐሙስ

ከሺፍት ስመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የኩባንያው ሰው እኔ ሳልኖር ደውሎ ነበር። እንግሊዝኛቸውን ስለሚያፍሩበት ስልክ አያነሱም፤ ዛሬ አንስተው ረጅም ጊዜ አውርተዋል።

ሰውዬው የነገራቸውን በቅደም ተከተል ነገሩኝ። በእጃችሁ ላለው አረር በትክክል የተጻፈውን፣ አዲሱን መረጃ ተጠቀሙ። የሁለቱን መጽሐፍ ልክ ደምራችሁ ለሁለት አታካፍሉ። ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጀምሩ፤ ቀለሁን እያያችሁ ጥቂት በጥቂት ውጡ።

"እንዳልሽው ነው" አሉኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ። "ከዝቅተኛው በታችም እንዳትወርዱ ብሏል። ይሄ ባሩድ ሲያንስበት በደንብ አይነድም፤ አረሩ በርሜል ውስጥ ሊቀር ይችላል። የሚቀጥለው ጥይት ከኋላው ሲመጣ ደግሞ..." በእጃቸው የሚፈነዳ ነገር አሳዩኝ። "ያንቺም ርችት አይሠራም፣ ፍሬ።"

ፊቴ ጋለ። ባነሰ ቁጥር ደህና ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ተሳስቼ ነበር፤ ለዚያውም በአደገኛው መንገድ። ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ።

ስለ ተረፈው ካርቶን ግን አላነሱም። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

ዓርብ

ከሥራ በጋራዡ በኩል ስገባ ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ አጣሁት። ደነገጥኩ። ጥግ ወዳለው ጠረጴዛቸው ዞር ስል ጥይቶቹን በመዶሻ መሳዩ መፍቻ አንድ በአንድ ሲፈቱ አገኘኋቸው። አረሩ ለብቻ፣ ባሩዱ ለብቻ። ያንን ባሩድ ወደ ጣሳው አልመለስነውም።

አጠገባቸው ተቀምጬ ረዳኋቸው። መሃል ላይ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉ፦

"ሚዛኑን ብቻ አይደለም የማላየው። ቀለሁ ውስጥ ባሩድ ይኑር አይኑር ከለየሁ ቆየሁ። በጣቴ እየገመትኩ ነው የምሠራው።"

ይሄን ለማንም እንዳልተናገሩ አወቅኩ። ለዮናስ እንኳ። "እኔ አያለሁ፣ አባባ" አልኩ።

ተስማማን። ጥይት መግጠሚያው ፕሬስ የእሳቸው፣ ሚዛኑ የእኔ። አረር ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ አየዋለሁ። በአዲሱ መጽሐፍ ዝቅተኛ ልክ ጥቂት ብቻ ሞላን። አሮጌውን መጽሐፍ አልጣሉትም፤ "ለእርሳስ ነው" ብለው ሽፋኑ ላይ በትልቁ እንድጽፍላቸው አደረጉኝ።

ቅዳሜ

እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ዳብሊን ከተማ ወዲያ ወዳለው ተኩስ ሜዳ እኔ ነዳሁ። እኔ ፈርቻለሁ።

እሳቸው አልፈሩም፤ ወይም አላሳዩኝም። የመጀመሪያውን ሲተኩሱ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍት እጃቸው ደህና፣ ፊታቸው ደህና። ወረቀቱ ላይ፣ ጠርዝ አካባቢ፣ አንድ ቀዳዳ። ሲሊንደሩ እስኪያልቅ ተኮሱ፤ ከዚያ ከፍተው አፈሙዙን ወደ ላይ አዙረው ገፋ አደረጉ። ቀለሆቹ መዳፋቸው ላይ ዝርግፍ አሉ። እንጨት አላስፈለገም።

መዳፋቸውን ሲያዩ ቆዩ። "የሽጉጡ ርግጫ ቀለል ይላል" አሉ። ከዚያ "ደህና ነው። ትንሽ እንጨምራለን።"

"መጽሐፉ በሚለው ልክ፣ ቀስ በቀስ።"

"በሚለው ልክ።"

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። አባባ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው፣ ኦክላንድ ያለው የዐይን ሐኪም ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጠሮ የለም። የዐይን ሞራ፣ ካታራክት ነው፣ ይወጣል ሲባሉ "ዐይኔን በቢላ አላስነካም" ብለው ራሳቸው አሰርዘውታል። ያንን አላስታወስኳቸውም።

"ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ" አልኩ።

"ደውይ። አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

እገባለሁ አልኳቸው። እስከ ሰኞ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል፤ ያውቁበታል። ግን ጠይቀዋል።