ኦርኪዷን ከመስኮቱ አንስቻታለሁ

እትዬ፣

ችግኟን የሰጡኝ ሽማግሌው አትክልተኛ ቤት ልሄድ ነው። ኦርኪዷ መታጠቢያ ቤት ናት። የሳሎኑን መጋረጃ እንዳትገልጪ።

ውሃ ጠዋት ጠዋት ርጪላት፤ በባልዲው ካጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ እንጂ የቧንቧ እንዳይነካት። ሥሯን ብቻ አርጥቢ። ቅጠሎቿ መሃል ውሃ ከቆመ ትበሰብሳለች።

የጥቅጥቅ ጫካ ልጅ ናት፣ ፀሐይ አትወድም ስልሽ ሰምተሽኝ ቢሆን ኖሮ መስኮት ላይ ባላወጣሻት።

ይሁን። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን ስታብብ ደስ ብሎሽ ነው ፎቶ አንስተሽ የለጠፍሽው። ጠዋት አንቺ ላይ መጮሄ ልክ አልነበረም። ግን ፎቶው ላይ ከአበባዋ ኋላ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ከነስሙ ይታያል።

ኦርኪዷን «ሽጥልኝ» ሲለኝ እምቢ ያልኩት ሰውዬ ዛሬ ደወለ። «ፊት ለፊታችሁ ያለው ዳቦ ቤት፣ ዳቦው ጥሩ ነው?» ብሎ ዘጋው።

ሽማግሌውም እምቢ ብለውት ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሱም።

የፈሰሰ ውሃ ባይታፈስም ፎቶውን አጥፊው።

በሩ ቢንኳኳ፣ ስሜን ቢጠሩልሽም እንዳትከፍቺ። እኔ ቁልፍ ይዣለሁ፣ አላንኳኳም። ስገባም ከበሩ ጀምሬ «እትዬ» እያልኩ ነው የምገባው።

በሩ በቁልፍ ተከፍቶ ድምፄን ካልሰማሽ፣ በጓሮ ውጪ።

ኦርኪዷን ተያት።