በሰልስትሽ ቀን የተፈለፈለችው ጫጩት

ወይንዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሰው ሁሉ «ዓመት ሲያልፍ ይቀልልሃል» ይለኛል። እኔ ግን ዛሬም ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሀና ማርያም ወራጅ አለ?» ሲል አንቺ «አለ!» እንድትይ እጠብቃለሁ። ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ስጠብቅሽ ለቡ ድረስ ተወስጃለሁ። ወርጄ አስፋልቱ ዳር ትንሽ ቆምኩና በእግሬ ተመለስኩ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሮቶው ተሰንጥቆ ሌላ ተተክቷል። እህትሽ ጽጌ ልብሶችሽን ለይታ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች፤ በር ጀርባ የተንጠለጠለውን ግራጫ ሹራብሽን ግን እንዳትነካው ለምኛት ተወችው። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው። ያንቺን ወገን አልያዝኩትም።

ዛሬ ልጽፍልሽ የተነሣሁት ግን ስለ ጫጩቷ ልነግርሽ ነው። ካንቺ በቀር ማን ይሰማኛል?

ሆስፒታል የገባሽ ዕለት ጠዋት ታስታውሻለሽ? የጠራሁት ታክሲ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ቦርሳሽን ይዤ ቆሜአለሁ፣ አንቺ ጓሮ ገብተሽ ቀይዋን ዶሮ እንቁላል ታስታቅፊያለሽ። ተናድጄ ስጠራሽ እጅሽን በቀሚስሽ እየጠረግሽ ወጣሽና «እኔ ስመለስ እነሱም ይፈለፈላሉ» አልሽኝ።

አልተመለስሽም። እነሱ ግን ተፈለፈሉ፤ ያውም በሰልስትሽ ቀን።

ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶት የእድሩ አግዳሚ እስከ ጓሮው መግቢያ ተደርድሯል። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። እንባ አልመጣ ብሎኝ ነበር፤ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ የድንኳኑን ገመድ አያለሁ። ከቀብር የቀሩ ለቀስተኞች መጡና ቦታ ለመስጠት አግዳሚውን ጎተት ሲያደርጉት ከሥሩ ቀጭን ጩኸት ተሰማ። ጀርባዋ ላይ ጥቁር ያለባት ቢጫ ጫጩት ነበረች። ከእናቷ ሥር ወጥታ ሰው መሐል ገብታ ኖሮ የአግዳሚው እግር አርፎባታል። አንድ እግሯ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አዩአትና «ተዋት፣ ይቺ አትተርፍም» አሉ።

ወይንዬ፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስላንቺ የነገረኝ ይህንኑ ቃል ነበር። ያን ጊዜ ቆሜ ከመስማት በቀር ያደረግሁት የለም። አሁን ግን ሳላስበው ተነሣሁ፤ ጫጩቷን በመዳፌ ይዤ በለቀስተኛው መሐል አልፌ መኝታ ቤት ገባሁ።

የሥራ ቦርሳዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። አንድ የክብሪት እንጨት ሰበርኩ፤ መድኃኒቶችሽ ያሉበት ፌስታል ውስጥ ጥጥ አገኘሁና እግሯን ጠቅልዬ እንጨቱን አስደግፌ በጥቁሩ የኤሌክትሪክ ናስትሮ አሰርኩት። የመኪና ሽቦ ሲያስር የኖረ እጄ እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር አስሮ አያውቅም። ሽሮፕ እሰጥሽ በነበረችው ስሪንጅ ውሃ በምንቃሯ ጠብ አደረግሁላት። የስሪንጇ ጫፍ ላይ አሁንም የመድኃኒቱ ሽታ ነበር።

እህትሽ ጽጌ በሩን ከፍታ ስትገባ በዚህ ሁኔታ ላይ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? ሰው ውጭ እያለቀሰላት አንተ ጫጩት ታስታምማለህ?»

«እግሯ ተሰብሯል» አልኳት።

«እህቴ አፈር ገብታለች!» ብላ ጮኸችና በሩን በኃይል ዘግታው ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ሰዉ በሐዘኔታ ሳይሆን በፍርሃት ያየኝ ጀመር፤ «ሰውዬው ነካው መሰለኝ» ሲባልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰው ተበተነ፣ ጽጌም ሳትሰናበተኝ ሄደች። እኔና ጫጩቷ ቀረን። እናቷ ዘንድ ብመልሳት በምንቃሯ ወግታ አባረረቻት። ስለዚህ የጫማ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ፣ አምፖል ከላይ አንጠልጥዬ፣ አልጋው ላይ ባንቺ ወገን አስቀመጥኳት። ካርቶኑ ውስጥ ስትንፏቀቅ የሚሰማው ድምፅ አንቺ አንሶላ ወደ ራስሽ ስትስቢ እንደነበረው ነው። ስንት ጊዜ በእንቅልፍ ልቤ «በርዶሽ ነው?» እንዳልኩ አንቺው ታውቂያለሽ።

ዶሮዎቹም ያስፈሩኝ ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንቺ ትሪውን ይዘሽ በምትወጪበት ሰዓት፣ እየተሯሯጡ ኩሽናው በር ላይ ይሰበሰባሉ። ባዶውን ቦታ ከብበው አንገታቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ፊትሽ የሚሆንበት ቦታ ላይ። መሬቱን አይጭሩም፣ ድምፅ አያሰሙም፣ ዝም ብለው ያያሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ እነሱ የሚያዩትን ለማየት ዓይኔ እስኪያቃጥለኝ እሞክራለሁ። የቆምሽበትን ቦታ እንዳልረግጥብሽ ዞሬ ነው ኩሽና የምገባው።

ጫጩቷ መብላት አቆመች። የተከካ በቆሎ ሰጠኋት፣ ጤፍ በውሃ አርሼ ሰጠኋት፣ ምንቃሯን አልከፍት አለች። ዓይኗ እንዴት እንደሚከደን ሳይ ያንቺን የመጨረሻ ቀናት አየሁበትና ካርቶኑን መመልከት አቃተኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ገና አልመሸም ነበር፤ በመጋረጃው ጥግ ብርሃን ይገባል።

ያኔ ከግቢው ድምፅሽን ሰማሁ።

«ኑ እናቶቼ፣ ኑ!»

«ኑ»ን እንደምትስቢያት፣ መጨረሻው ላይ ከፍ እንደምታደርጊያት። ራሱ ድምፅሽ ነው፤ ስሕተት የለውም። በርጩማውን ገልብጬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ግራጫውን ሹራብሽን ለብሰሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ፣ ትሪ ይዘሽ ቆመሻል። ዶሮዎቹ እግርሽ ሥር ናቸው። «ወይንዬ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ዞር አለች። ጽጌ ነበረች።

ልትታረቀኝ መጥታ ኖሯል። በሩ ክፍት ነበር፤ ዶሮዎቹ ተርበው ስታያቸው፣ ብርድ ስለነበረም ሹራቡን ከሳሎኑ በር ጀርባ አንሥታ፣ ልታበላቸው ወጣች። አንድ እናት ያሳደገቻችሁ ናችሁና አጠራሩ አንድ ሆነ። ፊቴን ስታይ ትሪው ከእጇ ወደቀ።

በዚያ መሐል ከመኝታ ቤት ጫጩቷ ጮኸች። ለቀናት ድምፅ ያላሰማችው ጫጩት እየደጋገመች ለጥሪው መለሰች። ጽጌ ገብታ በጣቷ ጤፉን ዘርዘር አድርጋ ስትጠራት በላች። ወይንዬ፣ ስለዚህ ነገር አስቤ አልጨረስኩም። አንቺ ስትሄጂ እሷ ገና ያልተፈለፈለች እንቁላል ነበረች። ድምፅሽን ሰምታው አታውቅም። ታዲያ የማንን ጥሪ አወቀች?

ያን ቀን አለቀስኩ። እኔም ጽጌም ካርቶኑን መሐላችን አድርገን አለቀስን።

ከዚያ ወዲያ ጽጌ መካኒሳ አቦ ያለውን ሱቋን ስትዘጋ በየቀኑ በኛ በኩል ታልፍ ጀመር። እኔ መምጫዋን እየጠበቅሁ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ትጠራቸዋለች፣ እኔ እሰማለሁ። ለዚያች ቅጽበት አልሞትሽም። ጠርታ እስክትጨርስ አልወጣም፤ ከወጣሁ የማየው ፊት ያንቺ አይሆንማ።

አንድ ቀን ጥሪውን ጀምራ መሐል ላይ አቋረጠችው። ገብታ መጋረጃውን ስትገልጥ ዓይኔን እንደጨፈንኩ አገኘችኝ።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እኔ ወይንዬ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«እኔ ግን አንዳንዴ እየጠፋኝ ነው። ቤቴ ገብቼ ልጆቼን ስጠራ የሷ ድምፅ ከአፌ ይወጣል። መናገር እየፈራሁ ነው፣ ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጥራቸው።»

ትሪውን አልጋው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አልተቆጣችም።

በማግሥቱ ወጣሁና ጠራሁ። ድምፄ እንደ ዛገ በር ነው፤ ዶሮዎቹ ደንግጠው አጥሩ ሥር ተበተኑ። ደግሜ ጠራሁ። ጫጩቷ ብቻ፣ ናስትሮ የታሰረ እግሯን እየጎተተች፣ ደጃፉን ተሻግራ መጥታ ጫማዬ ላይ ወጣች። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ለመዱኝ።

እግሯ ድኗል፣ ግን ጠማማ ነው። አሁን ትልቅ ዶሮ ሆናለች፤ ስትሮጥ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ኩሽናው በር ላይ መሰብሰቡ ቀርቷል። አንቺ የቆምሽበትን ቦታ ይረግጡታል፣ ይጭሩታል፣ እየጮኹ ያልፉበታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁ ቀን በረደኝ። እኔ ዛሬም ዞሬ ነው የማልፈው።

ትናንት ጽጌ ስለ ሙት ዓመትሽ ዝግጅት ልንነጋገር መጥታ ነበር። የትኛዎቹ ዶሮዎች እንደሚታረዱ ስትጠይቀኝ ጠማማዋ ጫማዬ ላይ ወጥታ አፈጠጠችባት፤ ጽጌም ሳቀች። ሳቋ የራሷ ነበር፤ ያንቺ አይመስልም። ድምፅሽ እሷንም ጥሏት መሄዱ ገባኝ። ለእሷ ደስ አለኝ። ግን ከአሁን ወዲያ የት እሰማሻለሁ?

ስለዚህ ቃል እገባልሻለሁ። ቤቱ ድምፅሽን ቢረሳ፣ የኔም ጆሮ አንድ ቀን ቢከዳኝ፣ ስምሽ ከዚህ ቤት አይጠፋም። መብራት ከማጥፋቴ በፊት ጎረቤት ቢሰማ ሳላፍር «ወይንሸት» ብዬ እጠራሻለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ቀጥሎ ያለው ያንቺ ተራ ነው።

ደምሴ