ዜሮ የተጻፈባቸው መደቦች

እልፌ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ከርመሻል» ይባላል። ላንቺ ግን ይህን መጻፍ አልሆነልኝም። ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። እኔ አለሁ። ጠዋት ወሰን ሰፈር ወርጄ ጋራዡን እከፍታለሁ፣ ማታ ኮተቤ መንገድ ላይ ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን እወጣለሁ። ቤቱን ጠዋት የምቆልፈውም ማታ የምከፍተውም እኔው ነኝ። ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋት ስለማይታየኝ ብዙ ጊዜ ቆሜ እበላለሁ። ልጃችን በየእሁዱ ከሐዋሳ ትደውላለች። «በላህ ወይ አባዬ?» ትለኛለች። በላሁ እላታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጥናትሽ ነው። አበላሽቼው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ አርባ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከመዝገብ ቤት ሥራሽ በተረፈሽ ቅዳሜና እሁድ፣ በኤክስቴንሽን፣ ዘላቂ የአትክልትና ፍራፍሬ ምርት እማራለሁ ስትዪኝ ሳቅኩብሽ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቆስጣ ለመትከል ዲግሪ ምን ያደርጋል?» አልኩሽ። «አንተስ ፍሬን ለመፍታት ስንት ዓመት ፈጀብህ?» ብለሽኝ ደብተርሽን ይዘሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርትሽ አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። አንቺም አልነገርሽኝም። አራት ዓመት እንዲያ አለፈ።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንቺና የክፍል ጓደኛሽ ራሔል በመስከረም ከቤቱ በታች ዘጠኝ መደብ ቆስጣ ተከላችሁ። በየመደቡ ራስ ላይ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት አቆማችሁ። ሁለት ጊዜ ቆርጣችሁ መዘናችሁ። ሦስተኛው ቆረጣ ሳይደርስ ታመምሽ፤ ታኅሣሥ ሲገባ ቀበርንሽ።

ሰልስቱ አልፎ ለቀስተኛው ሲበተን ወደ መደቦቹ ወረድኩ። ስድስቱ ለምልመዋል። ሦስቱ ግን፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ፣ ቀጭጨው ቢጫ ሆነዋል። እንጨታቸው ላይ ዜሮ ተጽፏል። ዜሮ ማለት ገና ያልተሠራ ማለት መሰለኝ። አቅም ሲያጥርሽ የተውሻቸው መሰለኝ። ከጎረቤት የበሰበሰ ፍግ ተሸክሜ አምጥቼ ሦስቱንም አለበስኳቸው። ከሮቶው ውኃ እየቀዳሁ ጠዋትና ማታ አጠጣኋቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በእነዚያ ሳምንታት ከአልጋ ያስነሳኝ ይኸው ነበር።

ራሔል ሦስተኛውን ቆረጣ ልትመዝን መጣች። ዜሮዎቹ ላይ ስትደርስ ሚዛኑን አውርዳ እንደገና ሰቀለችው። «ጋሼ፣ እነዚህ ምን ነክቷቸው ነው? ምንም ያልተጨመረባቸው እኮ ናቸው። ኮምፖስት የገባባቸውንና ፍግ የገባባቸውን የምናስተያየው ከእነሱ ጋር ነው።»

ያኔ ገባኝ። ሆን ብላችሁ የተዋችኋቸው ናቸው። አላውቅም አልኳት።

አርባሽ እንኳ አልወጣም ነበር። በሕይወት እያለች ናቃት፣ ስትሞት ሥራዋን አበላሸባት እንዳይሉኝ ፈራሁ። ራሔልም ደብተሯን ዘግታ፣ «እንግዲህ አፈሩ ራሱ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ኮምፖስቱ ያን ያህል ለውጥ የለውም» ብላ ዳገቱን ወረደች። ለኮምፖስት የሚሆነውን የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ጣልክ ብለሽ ስንት ቀን ተቆጥተሽኛል። አሁን በራስሽ ስም፣ ልጣጩ ቢጣልም ባይጣልም ያው ነው ተብሎ ሊጻፍ ነው።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። በአሥራ ሁለተኛው እጄን በላርጎ ሳሙና ፈትጌ ታጥቤ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። አራት ዓመት ስትመላለሺበት አንድ ቀን እንኳ በሩ ድረስ አልሸኘሁሽም። ጥበቃው «የተማሪ ወላጅ ነዎት?» አለኝ። «አይ፣ የተማሪ ባል ነኝ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ አስገባኝ።

መምህርሽን ቢሮው አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። «ለዜሮዎቹ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም» አለኝ። ቀጥሎ ግን ሦስተኛው ቆረጣ አይቆጠርም፣ በሁለቱ ብቻም ማቅረብ አይቻልም አለ። መሬቱ ፍጉን ስለያዘ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና መትከል ነው። ያንቺም ስም ጽሑፉ ላይ ሊቆይ የሚችለው ጥናቱ እንደገና ከተሠራ ብቻ ነው።

ራሔል በየካቲት ልትጨርስ ነበር። ግቢው ውስጥ አግኝቼ ነገርኳት። «ያን ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ጋሼ?» አለችኝ። አዲሱን ቦታ እኔ እቆፍራለሁ አልኳት።

ከቤቱ በላይ፣ ወደ ባህር ዛፉ በኩል ያለውን ሳር የያዘውን ቦታ ቆፈርኩት። እጄ ቡሎን እንጂ መቆፈሪያ አልለመደም፤ ዘጠኙ መደብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ራሔል በየቅዳሜው ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ ከሥራው ሌላ አታናግረኝም ነበር። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ምሳ ቋጥራ መጣች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በላን። ክፍል ውስጥ እንዴት መምህሩን በጥያቄ ታስጨንቂው እንደነበር፣ ሌሎቹ «እማማ ለምን» እያሉ ይጠሩሽ እንደነበር ነገረችኝ። ለእኔ አዲስ ነገር ነበር።

ለዘጠኙም እኩል ውኃ አጠጣለሁ፤ ለሦስቱ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ሲገረጡ እያዩ ማለፍ ከባድ ነው። አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፉ ቀረበ። ሽፋኑ ላይ ያንቺ ስም ይቀድማል፤ ራሔል ናት እንዲያ ያደረገችው። ከፈታኞቹ አንዷ ሥራው ለምን ሁለት ጊዜ እንደተሠራ ጠየቀች። ራሔል ዞር ብላ አየችኝ። ከኋላ ተነሥቼ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ባሏ ነኝ» አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም። ኮምፖስት የገባባቸው መደቦች በሦስቱም ቆረጣ ከዜሮዎቹ በልጠዋል። ልክ ነበርሽ እልፌ።

እንግዲህ ቅዳሜም የሚመጣ ሰው የለም። ቆስጣው ለብቻዬ አያልቅምና ለጎረቤት እሰጣለሁ። ደብተሮችሽን ማንበብ ጀምሬአለሁ። ያልገባኝ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱ በዝቷል፤ የምጠይቀው ሰው የለም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «መቼም ተግባብታችሁ ነው የኖራችሁት» ሲለኝ አዎ እያልኩ ሸኘሁ። ከእንግዲህ ስላንቺ ለሚጠይቀኝ አራቱን ዓመትም እነግረዋለሁ። አንቺ ጠረጴዛው ላይ ስታነቢ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ሬዲዮ እሰማ ነበር። አንዳንዴ ቀና ብለሽ ልትናገሪ ስትዪ ድምፁን ከፍ አደርገው ነበር። ይህንንም አልረሳውም። የማስታውስሽ እንደነበርሽው፣ እንደነበርነው ነው፤ ምንም ሳልጨምርበት።

ባልሽ