ያለ ተላላኪ ለሚሠራው መሥሪያ ቤት

ይድረስ ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከደረጃው ግርጌ ተነሥቶ ሦስተኛ ፎቅ የሚደርስ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ እንዴት ያደርግዎታል? በቀደም ዕለት ከመኪናዎ ሲወርዱ ያዝ ሲያደርግዎት አይቼ ነበርና አሳቡ ከእኔ ጋር ሰንብቷል። ሐኪም ስኳር ለከለከላቸው፣ እኔም በዚያው ስኳሩን ከሻይ ቤት በወረቀት ጠቅልዬ ለማመላልስላቸው ለምክትልዎ ጤና ይስጥልኝ። ለጸሐፊዎ ለእትዬ፣ ልጃቸውን ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ያስቸግረዋል እያልኩ፣ እንደምን ሰነበቱ። በእኛ ዘንድ «ነገ ተመለስ» በሚል ስም ለሚታወቁት ለመዝገብ ቤቱ ሹም፣ ዛሬን እንዴት ዋሉ፤ የነገውን ነገ ተመልሼ እጠይቃለሁ። ጠዋት ጠዋት «አንተ፣ ዛሬም ተስፋ አልቆረጥክም?» እያሉ ለሚቀበሉኝ ለዘበኛው ለጋሼም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። በእኛ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ ዘመድ ሁሉ በየተራ እየተጠራ ሰላም ይባላል። እኔ ግን ከዘመዶቼ ይልቅ እናንተን እያየሁ መክረሜን አስቤ ሰላምታውን ወደ እናንተ አዙሬዋለሁ። እኔ ፈተናው ዛሬ ይጠራ ይሆን ከሚለው ስጋት በቀር ደህና ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ «አንድ ተላላኪ በውድድር ፈተና አወዳድረን መቅጠር እንፈልጋለን» የሚለውን ማስታወቂያ አንብበው ከተመዘገቡት ዘጠኝ አመልካቾች አንዱ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማስታወቂያው የጠየቀውም ይህንኑ ነው። አማርኛዬ ከክፍሌ ከፍ ብሎ ቢታይዎት አይደነቁ፤ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ የመሥሪያ ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ቆሞ ለሚውል ሰው ሌላ የሚነበብ ነገር ስለሌለ፣ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት»ንም ሆነ «በጥብቅ እናሳስባለን»ን እዚያው ቆሜ ተምሬአለሁ። ለዚህ ነጻ ትምህርት ውለታ መመለሻ ይሆነኝ ዘንድ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩትንም ቅሬታ ለማለት አፌ ስላልደፈረ የምስጋና ነጥቦች ብያቸዋለሁ።

፩. ማስታወቂያው «ፈተናው በማናቸውም የሥራ ቀን ሊሰጥ ስለሚችል፣ ተጠርቶ ያልተገኘ አመልካች በራሱ ፈቃድ እንደተወ ይቆጠራል» ይላል። ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ። በዚህ ምክንያት ገላዬን ለመታጠብ እንኳ እሑድን እጠብቃለሁ፤ ሲያስነጥሰኝ ስሜ ሲጠራ እንዳያመልጠኝ እያልኩ አፌን እይዛለሁ። እርሳሴን በየጠዋቱ እቀርጸዋለሁ፤ ከመቅረጽ ብዛት አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ከጣቴ አጥሯል። አንድ ጊዜ በእርግጥ ተጠርተን ነበር። ወንበሮቹን ራሳችን ወደ አዳራሹ አስገብተን፣ አቧራቸውን ጠርገን ከተቀመጥን በኋላ፣ አዳራሹ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ለሚባለው የሠራተኞች ሥልጠና እንደተፈለገ ተነገረንና ተነሣን። ሠልጣኞቹ በተሟሟቀ ወንበር ላይ በመቀመጣቸው ደስ ብሎናል።

፪. «የፈተናው ይዘት ጠቅላላ እውቀት ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር አጭር ቢሆንም ዳር ድንበር የለውም። ምን ምን ይጠየቅበታል ብለን እትዬን ብንለምናቸው «ሁሉም ነዋ!» አሉን፤ እኛም ሁሉንም ማጥናት ጀመርን። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ዝናብ ሲጥል መነጋገር በማይቻልበት የቆርቆሮ ጣራ ሥር አራት አመልካቾች በአንድ ክፍል እንኖራለን። የመለማመጃ መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ ከጥራዙ ላይ ለአራት ቀደን ተካፈልነው፤ ለአንዱ ሕግ፣ ለአንዱ ሒሳብ፣ ለአንዱ የዓለም አገሮች፣ ለእኔ ደግሞ ጠፈርና የአየር ጠባይ ደረሰኝ። ራት ላይ እርስ በርስ እንጠያየቃለን፤ ያልመለሰ ዕቃ ያጥባል። ቀድሞ ጫማ ይጠግን የነበረውና «ሊቁ» የምንለው ጓደኛችን የአገሮችን ዋና ከተማ እንደ ውኃ ስለሚጠጣው እጁ ሳሙና ነክቶ አያውቅም። እኔም ብሆን ጨረቃ ከምድር ምን ያህል እንደምትርቅ ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እመልሳለሁ። ከመሥሪያ ቤትዎ ወደ ጨረቃ የሚላክ ደብዳቤ ቢኖር መንገዱ እንደማይጠፋኝ በዚህ አጋጣሚ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ የሚላከውን ግን ያለ ምንም ፈተና ሳደርስ ስለከረምኩ፣ ለዚህኛው ለየት ያለ እውቀት ያስፈልጋል ብዬ ለመከራከር ማስረጃ አጥቻለሁ።

፫. ይህኛው ነጥብ የራሳችን ጥፋት ስለሆነ ምስጋናውንም የምንወስደው እኛው ነን። አንድ ጠዋት በር ላይ ተኮልኩለን ስንጠብቅ፣ እትዬ ከደረጃው ጫፍ ብቅ ብለው «እናንተ ልጆች፣ እግራችሁ ከሚደነዝዝ አንዳችሁ ይቺን ፋይል ሒሳብ ክፍል አታደርሱልኝም?» አሉ። ዘጠኛችንም እንደ አንድ ሰው ተነሣን። የቀደመው ሊቁ ነበር፤ ሲመለስ «ፊቴን በደንብ አይተውታል፣ የፈተናው ዕለት ይረዳኛል» ብሎ ቢኮራ፣ አንዱ «ያንን አፍንጫ ያየ ሰው እንኳን እስከ ፈተናው እስከ ጡረታው አይረሳውም» ብሎ አሳቀን። ሳቅን እንጂ ነገሩ በሁላችንም ልብ ገባ። እኩል ነጥብ ቢመጣ ፊቱ የታወቀው ያልፋል ብለን አሰብን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንዲት ወረቀት ከጠረጴዛ ስትነሣ ዘጠኝ እጅ ወደ እርሷ ይዘረጋ ጀመር። ሽሚያው ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል ተቀምጠን ተማከርንና ተራ አወጣን። ለየፎቁ ሰው መደብን፤ ፊርማ የሚያስዞር፣ ፖስታ የሚያመጣ፣ የተሳሳተ ደብዳቤ የሚመልስ ለየን፤ ቀድሞ የአውቶቡስ ረዳት የነበረውን ደግሞ ሰው ማሰለፍ ያውቅበታል ብለን አለቃ አድርገን መረጥነው። እንደዚህ ባለ ሁኔታ መሥሪያ ቤትዎ አንድ ተላላኪ እየፈለገ ዘጠኝ አገኘ፤ ደመወዝ የማይጠይቁ፣ ፈቃድ የማይወጡ፣ ታመምን የማይሉ፣ በደረጃው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የጥናታቸውን መልስ በለሆሳስ ከማነብነብ በቀር ድምፅ የማያሰሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እኛም ለመቀጠር ስንሮጥ ያሰርነው መቀነት የት ላይ እንደተፈታ አላየነውም።

፬. ያየነው ባለፈው ወር ነው፤ በትክክል ለመናገር ያየሁት እኔ ነኝ። የዓመቱ ዕቅድ ስብሰባ ላይ የሦስተኛ ፎቅ ባለተራ ስለነበርኩ የሚፈረም ፋይል ይዤ ገባሁ። በዚያ ሰዓት ምክትልዎ «ያ የተላላኪው ፈተና እኮ ከተንጠለጠለ ቆየ፤ መቼ እንስጠው ይላሉ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ፋይሉን ከእጄ ተቀብለው፣ ገለጥ ገለጥ አድርገው እየፈረሙ፣ «ምን አጣደፈን? ይኸው ያለ ተላላኪም ሥራው እንደ ወንዝ እየፈሰሰ አይደል እንዴ!» አሉ። ስብሰባው ሳቀ፤ ጉዳዩም ወደሚቀጥለው ዕቅድ ተላለፈ። ፊርማው እስኪደርቅ ጠብቄ ፋይሉን ይዤ ወጣሁ። ክቡር ሆይ፣ ልቆጣ ፈልጌ አልነበረም፤ ለመቆጣትም አቅሙ አልነበረኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንዙ በአጠገብዎ ቆሞ ነበር።

፭. የሰማሁትን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሊቁ «እንግዲያው እናቁም! አንድ ሳምንት ፋይሉ ባለበት ይደር፤ ያኔ ተላላኪ እንደሚያስፈልጋቸው ይገባቸዋል» አለ። አለቃችን ግን ራሱን እየነቀነቀ «ማን ቀድሞ ያቁም? አንተ ባቆምክ ማግሥት ያንተን ደርቤ ስሸከም የምታየው እኔን ነው። ወንድሜ፣ ሞኝህን ሌላ ቦታ ፈልግ!» ብሎ መለሰለት። እርሱን የተቆጣው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም በልባችን ያልነውን ነበር የተናገረው። እኔ ብቻዬን ሰኞ ጠዋት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ለክቡርነትዎ የምናገረው ደስ እንዲልዎት ነው። ተራዬ ለስምንቱ ተከፋፈለ፤ አንዲት ደብዳቤ አልዘገየችም፤ «ያ ልጅ የት ሄደ?» ያለ ሰው አልነበረም። እትዬ በአጠገቤ ሲያልፉ «ምነው አሞሃል?» አሉኝ፤ ደህና ነኝ ስላቸው «ታዲያ መንገዱን አትዝጋ» ብለው አለፉ። እንግዲህ በስብሰባው ላይ የተናገሩት ትክክል ነበር፤ ያለ እኔም ሥራው ይሄዳል። የቀሩትን ስምንቱን አንድ በአንድ ቢሞክሩ ውጤቱ ተመሳሳይ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ተላላኪነት ይህን ያህል ከተናገርኩ፣ ለምን አሁን እንደጻፍኩ ማስረዳት ይገባኛል። አባቴ አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ከጥቂት ጊዜ በፊት መጋዝ ቀኝ እጁን ጎድቶት ሁለት ጣቶቹን አጣ። ወሬው እንደደረሰኝ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄጄ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳለሁ «ተጠርቶ ያልተገኘ አመልካች» የሚለው ነገር ትዝ አለኝና፣ አባቴም ቢሆን ሥራውን ጥለህ ና አይለኝም ብዬ ተመለስኩ። በዚያ ሳምንት ፈተናው አልተጠራም፤ በሚቀጥለውም አልተጠራም። እህቴ ሰሞኑን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ወንድም ዓለም፣ አባባ ቁስሉ ደርቋል፤ ነገር ግን መላጊያውን በግራ እጁ ይዞ ሲታገል ማየት አንጀት ይበላል። ሰው እንቅጠርልህ ስንለው ‹ልጄ የመንግሥት ሰው ሊሆን ነው፤ ካልሆነም መጥቶ መሥሪያ ቦታውን ይይዘዋል› ይላል። ብረት በያጁ ጎረቤታችን ቦታውን አከራዩኝ እያለ ይመላለሳል፤ አባባም እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ ብሎታል። ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ? አንዱን ቁረጥና ንገረን። እኔ አንተን አልወቅስህም፤ አለማወቁ ነው የገደለን።»

ለዚህች ደብዳቤ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። ጥያቄው የተጻፈው ለእኔ ቢሆንም መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት ያልበለጠ ይላል፤ እኔ ስመዘገብ ገና ሃያ አራት ነበርኩ። ዕድሜዬን እንደ ፈተናው ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍልኝ ብለምነውም እሺ አላለኝም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናው ቢጠራ እንኳ እኔ በዕድሜዬ ምክንያት ከበር እመለሳለሁ። አሁን ከሄድኩ ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሁትን በራሴ ፈቃድ እንደተውኩ ይቆጠርብኛል፤ ከቀረሁ የአባቴ መሥሪያ ቦታ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ከቀረሁና ፈተናውም ከቀረ ግን ሁለቱንም አጣለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ሦስተኛው ነው።

ስለዚህ እስከ አሁን በትሕትና ስጽፍ ብቆይም፣ ይህን በግልጽ እጠይቃለሁ። ፈተናው ይህ ወር ሳያልቅ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለውን ከሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁና ድካምዎን አይጨምሩ፤ «በቅርቡ» የሚለውንም እንዲሁ። ይሰጣል ካሉኝ ለእህቴ መሥሪያ ቦታውን አከራዩት ብዬ እጽፋለሁ። አይሰጥም ካሉኝ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄጄ መላጊያውን ከአባቴ እጅ እቀበላለሁ፤ የጠፈሩንም ክፍል ለሊቁ አወርሰዋለሁ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች፤ እርሷን ዛሬውኑ ጽፈው ይመልሱልኝ።

ወንበርዎ ይጽና፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ በደጅዎም የሚጠብቅ አይጥፋ እያልኩ፣ ሥራው ያለ ሠራተኛ በሚከናወንበት በዚህ የተባረከ ቤት ጥላ ሥር ለመቆም ስለተፈቀደልኝ ዕድል ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከደረጃው ግርጌ፣
መንገዱን እንዳይዘጋ የተነገረው አመልካችዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ ያመጣው የዛሬው የሦስተኛ ፎቅ ባለተራ ነው፤ እኔ ሥራ ስላቆምኩ ራሴ ይዤው መውጣት ደንቤ አልፈቀደልኝም። አንድ ተወዳዳሪ ይቀንስልኛል ብሎ በደስታ ነው የተቀበለኝ። መልሱን ሳይዝ እንዳይመለስ ስለነገርኩት ይህን ሲያነቡ ከጠረጴዛዎ ፊት ቆሟል። ብዕርዎን እስኪያገኙ ድረስ ቀና ብለው ስሙን ይጠይቁት፤ ከተመዘገብንበት ቀን ወዲህ ከዘጠኛችን የአንዳችንንም ስም የጠየቀ ሰው የለምና፣ ለመመለስ ትንሽ ቢዘገይ ስሙን ረስቶት እንዳይመስልዎ።