ጣውንቴ የሣር ትራክተር

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሞተ ሰው ይባላል አይባልም ብዬ ትንሽ አሰብኩና ተውኩት። አንተ ያለህበት ሁሉ ደህና እንደሆነ ቄሱ ደጋግመው ነግረውኛል። ስለዚህ የእኔን ልንገርህ። ደህና ነኝ። ለወግ ያህል ሳይሆን ከልቤ ነው የምልህ። ሶለንቱና ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም፣ የፖም ዛፉ ዘንድሮ ፍሬ ይዟል፣ እኔም ትንሽ ወፍሬያለሁ። ይህን የምጽፍልህ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ ያለው ሣር ታጭዷል። ያጨድኩት እኔ ነኝ። በምን እንዳጨድኩት ብነግርህ እዚያው ሆነህ ትስቃለህ፤ በጣውንቴ።

አዎ፣ በዚያች አሮጌ የሣር ትራክተር። ያመጣሃትን ቀን አልረሳውም። ሜርስታ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል የሠራህበት የመጨረሻ ዓመት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ውሰድልኝ ቢልህ በተጎታች ጭነህ ከች አልክ። ጎማዋ የተነፈሰ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ ከልጃችን ከሰላም በዕድሜ የምትበልጥ! ጡረታ ልወጣ ነው፣ እጄን የማፍታታበት ነገር ያስፈልገኛል አልከኝ። እኔ ደግሞ ጡረታ ስትወጣ አገር ላገር አብረን የምንዞር መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ሞተር ምን ያውቃል ብል ማን ሰምቶኝ። በአንድ ወር ውስጥ ከወንበሯና ከመሪዋ በቀር እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታታሃት። ጋራዡ የእሷ ሆነ፣ መኪናችን ውጭ በረዶ ላይ ማደር ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስህን ጎርሰህ ትገባና እስከ ምሳ አትወጣም። ያኔ ነው ጣውንቴ ያልኳት። መቼ ነው የምትነሳው ስልህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኛለህ። ስድስት ዓመት! የማን እንቁላል ነው እግር ለማውጣት ስድስት ዓመት የሚፈጀው? ይባስ ብለህ ደግሞ ስሜ ራሱ ታደሰ ነው፣ እኔ ያላደስኳትን ማን ሊያድሳት ነው ትላለህ። አንጀቴን ታሳርረው ነበር፤ እያረርኩም እስቅ ነበር።

ከዚያ በጥቅምት ልብህ ድንገት ቆመ። እሷም በብስኩት ቆርቆሮና በአይስክሬም ዕቃ ተበታትና ቀረች። እኔም የጋራዡን በር ዘግቼ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ያለፈውን በጋ ሣሩን ያጨደችው ሰላም ናት፤ በየሁለት ሳምንቱ ከፋርስታ በባቡር እየመጣች፣ በዚያች በምትገፋ ማሽን። ግቢያችን ዳገት እንደሆነ ታውቃለህ። እኔ እንዳልገፋ ቀኝ ትከሻዬ እምቢ አለ፤ ሠላሳ ዓመት አረጋውያን ስገለብጥና ሳነሳ የኖርኩበት ትከሻ ነው። በመጨረሻ ሰላም ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ፋርስታ፣ ከእሷ ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ፣ አሳንሰር ያለው ሁለት ክፍል ቤት ተገኝቷል፤ ሣር የለው፣ በረዶ መጥረግ የለው። እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ረጋ ብላ ትመልሳለች። የበለጠ ያናደደኝ ያለችው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ከፋርስታ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ግን ከዚህ ቤት ከወጣሁ አንተን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብርህ መሰለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን ለልጄ መናገር አፈርኩና ያላሰብኩት ቃል ከአፌ አመለጠ፤ እስከ ሰኔው የሚድሶማር በዓል ግቢውን በራሴ ካጨድኩ የፋርስታ ወሬ ይቅር፣ ካልቻልኩ ዕቃዬን ትጠቀልዪልኛለሽ አልኳት። በምን ልታጭጂ ነው ስትለኝ በአባትሽ ትራክተር አልኩ። ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

በመጋቢት ጋራዡን ከፈትኩ። ጎረቤታችንን ሩኔን ጠራሁት፤ በጡረታው የሰውን ሁሉ ሞተር መነካካት የሚወድ ሰው እንደሆነ ታውቀዋለህ። ቆርቆሮዎቹን አየና እጁን አነሳ፤ በእያንዳንዱ ላይ የጻፍከው በእኛ ፊደል ነዋ። አምጣ ላንብብልህ ብዬ መነጽሬን አደረግኩ። ጉሮሮ። ሳንባ። ኩላሊት። እምብርት። የቀኝ ቁርጭምጭሚት። ወይ ጉድ! መካኒክ የሚላቸውን ስም ስለማታውቅ የሰው ገላ አድርገህ ጻፍካት። ያን ቀን በሳቅ ጀምሬ በለቅሶ ጨረስኩ። ግን ታዴ፣ ሠላሳ ዓመት ገላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ካንተ የተሻለ ማን ሊጽፍልኝ? ጉሮሮ ያልከው ቤንዚኑ የሚወርድበት ካርቡሬተር ነው፣ ሳንባ የአየሩ ማጣሪያ፣ ኩላሊት የቤንዚኑ ማጣሪያ፣ እምብርት ከሆዷ ሥር ያለው የዘይት መክፈቻ፣ ቁርጭምጭሚት የፊት ጎማው የሚዞርበት መጋጠሚያ። ሩኔ እንዴት እንደሚገጠም ያውቃል፣ እኔ የቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ብቻውን አይችልም፣ እኔም ብቻዬን አልችልም።

ከፋሲካ በፊት ጀምረን እስከ ሰኔ ድረስ እንዲህ ዋልን። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፋቅሁ፣ ጉሮሮዋን በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ፣ ካንዴላዋን ቀየርኩ፣ አዲስ ቺንጋ አስገባሁላት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን ሳስተካክል ሴቶቹ ጥፍሬን እያዩ ይጠቋቆማሉ፤ ግራሶ በሳሙና እንደማይለቅ የት ያውቁታል። አንዷ ልጆችሽ አያግዙሽም ወይ ብላ አዘነችልኝ። እኔ እኮ እንዲህ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ቁርሴን ቶሎ ጎርሼ ጋራዥ የምገባው እኔ ሆኜ አረፍኩት!

ሚድሶማር ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ተነሳች። ሁለቴ ሳለች፣ ሦስተኛው ላይ ሰማያዊ ጭስ ተፍታ ዱግ ዱግ ዱግ አለች። እልል አልኩ፣ ታዴ። ብቻዬን፣ በዚያ ጸጥ ባለ ሰፈር፣ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት። ፈረንጆቹ በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አሉ፣ ሩኔ ደግሞ የሚያደርገው ጠፍቶት ቆቡን አወለቀ።

ምን ዋጋ አለው። በማግስቱ ቅዳሜ ሰላም መጣች፤ እኔም ኩራቴ ልክ አጥቶ ወንበሩ ላይ ወጣሁና ነዳኋት። ወደ ቀኝ ልመልሳት መሪውን ሳዞር ወደ ግራ ሄደች። አጥብቄ ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ እሷም አጥብቃ ወደ ግራ ሄደችና የሩኔ አጥር ውስጥ ተሰነቀረች። አማርኛ አይወጣላትም ያልናት ልጅህ እማዬ ዝለይ እያለች ስትሮጥ መንደሩ ሁሉ ሰማት። ስወርድ ቅጠል ከጸጉሬ እያራገፈችልኝ በቃ አለችኝ፣ እሱንም በአማርኛ። ያላገጠችብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን አዘነችልኝ። ሰኞ ለፋርስታ ቤት ልደውል ወይ ስትለኝ እስከ ሚድሶማር አልኩሽ ብዬ ሸኘኋት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጋራዥ ገብቼ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩና ሰደብኩህ። ይቅር በለኝ፣ ክፉኛ ነው የሰደብኩህ። የጂኦግራፊ መምህር ተብዬ ቀኝና ግራህን ለይተህ አትጽፍም ወይ አልኩህ። ያፈረስካትን ጥለህብኝ ሄድክ፣ አሁን ደግሞ ከቤቴ ልታስወጣኝ ነው አልኩህ። እንዲህ ስል እጄ መሪው ላይ ነበር፣ ቀኝ እጄም በስተቀኝ። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ሥራ ቦታ ለአዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ምን ነበር? ቀኝ ማለት የተኛው ሰው ቀኝ ነው፣ ፊት ለፊቱ የቆምሽው ያንቺ ቀኝ አይደለም። እኔ ደግሞ ሁለቱን የፊት ቁርጭምጭሚቶች ስገጥም ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር፤ የቀኟን በእኔ ቀኝ፣ የግራዋን በእኔ ግራ አስገባሁት። አንተ ግን የጻፍከው ቆመህ አይደለም። ተቀምጠህ ነው።

ተቀምጠህ! ሞተር የላት፣ ጎማ የላት፣ አንተ ግን ወንበሯ ላይ። ለምን ወንበሯንና መሪዋን ብቻ ሳትፈታ እንደተውክ ያን ጊዜ ገባኝ። በእነዚያ ቅዳሜዎች ከጋራዡ የመዶሻ ድምፅ ሲጠፋ ከሳህን አጠባ የተደበቅክ ይመስለኝ ነበር፤ አንተ ለካ እየነዳህ ነበር። ለምን አንድ ቀን ነይ እይኝ አላልከኝም? እኔስ ለምን አንድ ቀን በሩን ገፋ አላደረግኩም? አለቀስኩ። ግን የሐዘን ለቅሶ አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ደስ ብሎህ እንደነበር ያወቅኩበት ነው። ጣውንቴንም ያን ቀን ይቅር አልኳት።

ሰኞ ሩኔ ክሪኩን ይዞ መጣ፤ ፊቷን አነሳናትና ቀኙን ወደ ቀኟ፣ ግራውን ወደ ግራዋ መለስን። በሚድሶማር ዋዜማ ጠዋት ግቢውን ከታች እስከ ላይ አጨድኩት። ሰላም እንጆሪና ዓሣ ይዛ ስትደርስ ጨርሼ እግሬን ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። በሩ ላይ ቆማ ሣሩን አየች፣ እኔን አየች። እኔም ንጂያት አልኳት። አንድ ዙር ዞረች፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ የሚታጨድ ሳይኖር ሌላ። ምሳ ቀዘቀዘ ብዬ ብጣራ አልሰማ አለችኝ። ያንተ ልጅ መሆኗን ያኔ ደግሜ አወቅኩ።

ከምሳ በኋላ ስምሽን ከቤት ወረፋው ላይ ላውጣው ወይ አለችኝ። ተዪው አልኳት። እኔ ሞኝ አይደለሁም ታዴ፤ አንድ ቀን ወንበሯ ላይ መውጣት ያቅተኛል፣ ያን ቀን ማንም ሳይነግረኝ እኔው ራሴ የቤቱን ቁልፍ አመጣልሻለሁ አልኳት። ፋርስታ የትም አይሄድም። ተወስጄ መሄድና ራሴ መሄድ ግን ለየቅል ናቸው፤ ይህን ያገኘሁት በጣውንቴ ነው።

ሙት ዓመትህን ዐምና አውጥተናል፣ ዘንድሮም እግዜር ካለ እናስብሃለን። ግን ላንተ በዓመት አንድ ቀን አይበቃህም። እዚህ አገር ሣር በጋውን ሙሉ በየሳምንቱ ይበቅላል፤ እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ ስምህን በሞተሯ ጩኸት ውስጥ እጠራዋለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። በረዶ ሲወድቅስ እንዳትለኝ። ያኔ ደግሞ ዘይቷን እቀይራለሁ።

ያንተዋ አልማዝ