ለማይሄደው እንግዳ

ወዳጄ ቪኑ፣ አንተ የጅማ ጉረኛ፣

እንደምን ከረምክ አልልህም፤ መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር ማውራት እዚህ አገር የስልክ መልእክት መተው ነው፣ እሱ ደግሞ ሆኖልኝ አያውቅም። ከተለያየን ዓመት አለፈ። ከተማችን ሬንተን እንደተውካት ናት። ዝናቡ ይዘንባል፣ ፋብሪካው አውሮፕላኑን ይፈለፍላል፣ እኔም ላይብረሪው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሳሁም። ባንተ ቦታ አሁን አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ይቀመጣል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ብሰድበው አይገባውም፣ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?

የተዋወቅነውስ በስድብ አይደል? ማውንትሌክ ቴራስ ካለችው እህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ፣ «አጠገቤ አንድ ህንድ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ከሱ ቀድሞ አሜሪካ የገባ ይመስላል» ብዬ ሳልጨርስ ዞር አልክና፣ «አባባ፣ አፍንጫዬ ምን አደረገዎት?» አልከኝ፤ ያውም በአማርኛ! ስልኩ ከእጄ ወደቀ። እህቴ የሞትኩ መስሏት ጮኸች። እኔን ግን ያናደደኝ «አባባ» ማለትህ ነበር። የምበልጥህ በጥቂት ወር! ሳምንት ሳይሞላ አንቱታውን ጥለን አንተ ተባባልን።

አባትህ ጅማ ሒሳብ ሲያስተምሩ አንተ ሰፈር ለሰፈር ብይ ስትጫወት አደግክ፣ ጺም ሳታበቅልም ወደ ቦምቤይ መለሱህ። አማርኛህ እዚያው ዕድሜ ላይ ቆሞ ቀረ። ጸጉሩ የነጣ ሰውዬ ስትናደድ፣ ብዩን እንደቀሙት ልጅ ትሳደብ ነበር። እሱን ለመስማት ስል ብቻ ስንቴ አናደድኩህ!

ቦምቤይ ቀን ባንክ ቤት ጸሐፊ፣ ማታ ቲያትር ቤት፤ ከዚያ ቴሌቪዥን መጣና ያ አጎት ሆንክ። ለሁለት ቀን ብሎ ዘመዶቹ ቤት መጥቶ ዓመታት የሚቀመጥ አጎት። በየሳምንቱ ሻንጣውን ያነሳል፣ ሁሉንም ስሞ ይሰናበታል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ከኩሽና የምግብ ሽታ ያውደዋል፣ ሻንጣውን ያስቀምጣል። አገር ይስቃል። በስልክህ ስታሳየኝ ቋንቋው አንድም ሳይገባኝ በሳቅ ትን አለኝ። ምስጢሩን ብጠይቅህ፣ ሻንጣው ውስጥ ሁልጊዜ ድንጋይ እንደምታስሞላ ነገርከኝ። ባዶ ሻንጣ የሚያነሳን ሰው ትከሻው ያሳብቅበታል አልክ።

ሕዝቡ ግን ስምህን ረሳው። መንገድ ላይ ሰላምታህ «መቼ ነው የምትሄደው?» ሆነ። ሐኪም ቤት እንኳ ይሉህ ነበር። ሚስትህ ሞታ በሸኘሃት ቀን አንዱ ይህንኑ ብሎ አብሮህ ፎቶ መነሳት ፈለገ። «እና ተነሳህ?» ብልህ፣ «ምን ላድርግ፣ ሰውየው ከሩቅ ነው የመጣው» አልክ። የዚያን ቀን ብቻ አልቀለድኩብህም።

ከዚያ አሻ፣ አንድ ልጅህ፣ የፋብሪካው ኢንጂነር፣ ብቻህን አትሆንም ብላ ወደዚህ አመጣችህ። እዚህስ ማን ያውቀኛል ብለህ ነበር። አንድ ቀን ከአሻ ጋር እዚህ አጠገባችን ኬንት ያለው የህንድ ግሮሰሪ ስትገቡ ገንዘብ ተቀባዩ እጁን አጨብጭቦ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፣ አንተም ሳቅክ፣ የአሻ ፊት ግን ጠቆረ። አንተም ነገሩ ገባኝ አልክ፤ ልጄ የልቧን ከሰው አፍ ሰማች አልክ።

ከዚያ ወዲያማ ያንን አጎት ገልብጠህ መጫወት ጀመርክ። እሱ የሰው ቤት እንደቤቱ ይፈነጭበታል፤ አንተ በልጅህ ቤት ፍሪጅ ለመክፈት ታስፈቅዳለህ። ሂተር መጨመር ይሉኝታ ይዞህ ሳሎን ውስጥ በጃኬት ትቀመጣለህ። የጠጣህበትን ኩባያ ሳይቀዘቅዝ ታጥባለህ። እየቀለድኩ አሾፍኩብህ እንጂ እኔም ከልጄ ቤት ስገባ እንደዚያው ነበርኩ፤ አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቦምቤይ ልሂድ፣ ቲኬት ቁረጡልኝ አልካቸው፣ ለአሻና ለባሏ። አሻ «ኦኬ፣ አባ» ብቻ አለችህ። ወንበሩ ላይ መጥተህ፣ «አንዴ አትሂድ ብትለኝ እቀር ነበር» አልከኝ። ዝናቡ ሳያባራ ልብህ ቀደመችህ፤ በድንገት ቆመች።

እኛ ለቅሶ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ሥጋ እንደማትበሉ ስለማውቅ ምራቴን አስቸግሬ ምስር፣ ሽሮና ጎመን አሠርቼ፣ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች አስከትዬ ሄድኩልህ። የአሻ አማት ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱና ቶሎ መለሱት። ለካ በእነሱ ቤት ወግ ሐዘን ላይ ሽንኩርት አይገባም፣ ቀይም ነጭም! አንተ ይህን ሳትነግረኝ ትሞታለህ? እኔም በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ «ከወጣችን ሽንኩርቱን ካወጣን እኮ የሚቀረው ድስቱ ነው» አልኩ። አሻ ሳቀች። ሰው እስኪዞር ድረስ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ።

ልጅ ሳለች ቴሌቪዥኑን አታምነውም ነበር። ሻንጣ ባነሳህ ቁጥር እውነት የምትሄድ ይመስላት ነበር። መንገድ ላይ ሰው «መቼ ነው የምትሄደው?» ሲልህ እጅህን አጥብቃ ትይዝ ነበር። ግሮሰሪው ውስጥ የጠቆረችው ያ የልጅነት ድንጋጤ ተነስቶባት ነው፤ አፍራብህ አይደለም። አንተ ቲኬት ስትላት ደግሞ፣ እዚህ እስር ቤት ሆኖበታል፣ በምን መብቴ ላስቀረው ብላ ነው «ኦኬ» ያለችው። እኔም ወንበሩ ላይ ያልከኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስትሰማኝ እጄን እንደያዘች ቀረች። ቪኑ፣ አንዱ ሌላውን ላለማስቸገር ብላችሁ በአንድ ጣራ ስር ተነፋፍቃችሁ ኖራችሁ።

በማግስቱ ከህንድ ዘመዶችህ ደወሉ። አስከሬንህ እንደ ወጋችሁ ከተቃጠለ በኋላ አመድህ ወደ አገር ቤት ወንዝ ይላክ፣ የመጨረሻ ፍላጎቱም መሄድ ነበር አሉ። አሻ አዳመጠቻቸው፣ አመሰገነቻቸው፣ ከዚያ «አባቴ የትም አይሄድም» አለችና ስልኩን ዘጋች።

አመድህን ይዘን እዚሁ ያለውን የባሕር ዳር ለቀን በትንሽ ጀልባ ወጣን። እኔንም ሽማግሌ ብላ ወሰደችኝ። ስትበትንህ ነፋሱ ዞረና ጥቂትህን ኮቴ ላይ አራገፈው። ምራቴ ላውንደሪ ልስጠው ስትል፣ እንዳትነኪው አልኳት።

አሁን እሁድ እሁድ እቤቷ እሄዳለሁ። ለልጆቿ ድራማህን እየከፈተች ለእኔም ትተረጉምልኛለች። ልጆቿ ስላንተ ይጠይቁኛል፤ እኔም ጅማ ላይ ብይ ስትሰርቅ እንደተያዝክ፣ ያላየሁትን ሁሉ ጨምሬ አወራላቸዋለሁ። መልስ መስጠት ከፈለግክ መንገዱን አንተ ታውቃለህ። እስክንገናኝ ድረስ አንተን ሳላማ የምተኛበት ቀን አይኖርም።