የአይጥ ኩላሊት ጥቁር ነጥብ ሲቆጥሩ የኖሩት እናት የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከቀለም ቀቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1974 ዓ.ም. በላብራቶሪ ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆችን አፈሩ።

አባታቸው በኩላሊት ሕመም ካረፉ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አላቸው፤ ቀቢዎች መስኮት ዘግተው ሲሠሩ የሚተነፍሱት የቀለም ማቅጠኛ በኩላሊት ውስጥ ካልሲየም ያጠራቅም ይሆን? ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ጥናቱን ሲጀምር ገሚሱ አይጥ ማቅጠኛውን፣ ገሚሱ ንጹሕ አየር እንዲተነፍስ ተደረገ። እናታችን የአይጦቹን ኩላሊት ከወረቀት አሳስተው እየቆረጡ፣ ማቅለሚያ ውስጥ እየነከሩ፣ ካልሲየሙን የሚያሳየውን ጥቁር ነጥብ በማይክሮስኮፕ ይቆጥሩ ነበር።

ከስድስት ዓመት ልፋት በኋላ ማቅጠኛውን ያልተነፈሱት ሴት አይጦችም ነጥብ በነጥብ ሆነው ተገኙ። የተቋሙ ዲሬክተር ሪፖርቱን መለሱት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ልክ ነበሩ። እናታችን የመኖውን ከረጢት ገልብጠው ሲያነቡ ፎስፈረሱ ከመጠን ያለፈ ሆኖ አገኙት፤ እሱም ብቻውን በኩላሊት ካልሲየም ያጠራቅማል። መኖ አስቀይረው ከሀ ጀመሩ። ባለቤታቸው «ሴትዮ፣ የአይጦቹን ምሳ ያህል የኔንም ብታስቢበት ምናለ?» ሲሏቸው፣ «አንተ መቼ ኩላሊትህን አሳየኸኝ!» ይሉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ውጤቱ ጠራ። ነጥቡ ማቅጠኛውን በተነፈሱት ላይ ብቻ ታየ። ዲሬክተሩ «ለማንኛውም አንዴ ይደገም» አሉ። ተደገመ፤ ያው ሆነ። አሁንም «ለማንኛውም» አሉ። ባልደረቦቻቸው ከዚያ ወዲህ እናታችንን «እትዬ ይደገም» ይሏቸው ጀመር። ቢሮ ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ቤት ሲገቡ ግን የድስቱ ክዳን ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተውም በሳምንት ሦስት ቀን ያለ ደመወዝ እየተመላለሱ ቆጠራውን ጨረሱ። ማቅጠኛው ግን ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል፤ ተጠንቀቁ የሚል አንዲት መስመር እንኳ አልተለጠፈበትም። ሪፖርቱ በዲሬክተሩ ሳይፈረም ማስጠንቀቂያ አይወጣምና።

እናታችን በልብ ሕመም ለአራት ወራት ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሙ የምርመራ ውጤታቸውን ሊነግራቸው ሲገባ ወደ ታላቋ ልጃቸው ዞረው «የኔን ተይው፤ ሰውዬው ፈረመ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። የመጨረሻው ሪፖርትም ዲሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ወር ሆኖታል። ዲሬክተሩ ሥራቸውን ትተው እዚህ ቀብሩ ላይ ስለ ተገኙልን ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የሪፖርቱን ቅጂና እስክሪብቶ ታላቋ ልጃቸው ይዛ መውጫው በር ላይ ቆማለች።

የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን።